የሰማ ላልሰማ ያሰማ

በቀድሞ ዘመን አዋጅ በሚነገርበት ቀን ነጋሪት ይጐሰማል፤ ሕዝቡም በገበያ ወይም በአደባባይ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም ቃሉን ከተናገረ በኋላ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይል ነበር። ይህ አነጋገር በሰው አፍ እጅግ ስለ ተለመደ ትርጓሜው ሳይመረመር ይታለፋል። አስተውሎ ለተመለከተው ሰው ግን በውስጡ አንድ ከባድ ዕዳ ይገኝበታል። በሩቅ የቀረው፥ ታሞ የተኛው፥ ጆሮው የማይሰማው ሰው ሁሉ አዋጁን እንዲያውቅ የማድረጉ ሥራ በአዋጅ ነጋሪው ላይ ብቻ አልተጣለም፤ ባልሰማውም ሰው ላይ አልተጣለም፤ የተጣለው በሰማው ሰው ላይ ነው። እንግዲህ መስማት ማለት ወሬ መቀበል ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሌላው ሰው ባለዕዳ መሆን ነው።

ዛሬ ነጋሪቱ ከአደባባይ ተነሥቶ በየሰው ቤት ገብቷል። ቴሌቪዥን የሚባለው መሣሪያ በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀንና ሌሊት ይናገራል፤ ሲናገርም ለሁሉ እኩል የሚናገር ይመስላል። ከዚህ መሣሪያ ጋራ በእጅ የሚያዝ ሪሞት አለ፤ በሪሞቱም ትእዛዝ ከሚደረጉት ብዙ ነገሮች መካከል አብዛኛው ሰው ነክቷቸው የማያውቅ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መሣሪያው በተወሰነለት ሰዓት በራሱ እንዲበራ ወይም እንዲጠፋ የሚያደርገው ታይመር ነው። ሁለተኛው የሚነገረው ቃል ከሥዕሉ ሥር በፊደል ተጽፎ እንዲታይ የሚያደርገው ነው፤ ይህን አሜሪካኖች «ክሎዝድ ካፕሽን» ይሉታል፥ የተዘጋ ጽሑፍ ማለት ነው። ስለ እንደነዚህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የግብረ ገብ ጥያቄ ማንሣት ለአንዳንድ ሰው ቧልት ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የሰው ጠባይ የሚፈተነው በጦር ሜዳና በሸንጎ ብቻ አይደለም፤ እራት ከተበላ በኋላ በሶፋ ላይም ይፈተናል።

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አገር በሴት ልጃቸው ቤት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ይታሰቡ። በአገራቸው ሳሉ ብዙ ዘመን ያስተማሩ፥ እንግሊዝኛም አንብበው ደኅና አድርገው የሚረዱ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን እርጅና ከጕልበታቸው አስቀድሞ ጆሯቸውን ያዘው። ማታ ቤተ ሰቡ በቴሌቪዥኑ ፊት ሲሰበሰብ ልጃቸው ጽሑፉን ታበራላቸዋለች። ሽማግሌውም መነጽራቸውን አድርገው፥ ቀድሞ የተማሪ ደብተር ያርሙ እንደ ነበረ፥ ከመስመር ወደ መስመር እየተከተሉ ደስ ይላቸዋል። አንድ ምሽት ግን የቅርጫት ኳስ የሚያየው የልጅ ልጃቸው «ጽሑፉ ውጤቱን ሸፈነብኝ» ብሎ አጕረመረመ። አባቱ ምንም አልተናገረም፤ ብቻ በመቀመጫው ላይ ተቍነጠነጠ። ሽማግሌው የደከመባቸው ጆሯቸው እንጂ ዐይናቸው አይደለምና ይህን ሁሉ አዩ።

«ግድ የለም ልጄ፥ አጥፊው፤ እኔ ሥዕሉን ካየሁ ይበቃኛል» አሉ።

«አባባ፥ እውነት ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል።»

ጽሑፉ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ጽሑፉ የተናገረ ሰው የለም። ሰዎቹ በሚስቁበት ጊዜ ሽማግሌውም ይስቃሉ፤ ነገር ግን ሲስቁ የሚመለከቱት ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የልጆቻቸውን ፊት ነው፤ መቼ እንደሚሳቅ የሚያውቁት ከዚያ ነውና።

እንግዲህ በዚህ ቤት የበደለ ሰው አለን? ልጂቱ አባቷን ጠይቃለች፤ አባትየውም በገዛ አፋቸው ፈቅደዋል። ሸንጎ ቢቀርብ ዳኛው «ተጠይቀው የፈቀዱ ሰው ምን ክስ አላቸው?» ብሎ መዝገቡን በዘጋው ነበር። ነገር ግን የሐበሻን ቤት የሚያውቅ ሰው በዚህ ፍርድ አይረካም። በመካከሉ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለና። ይሉኝታ ትሕትና አይደለም፥ ፍርሃትም አይደለም፤ ሰው በሌላው ላይ ሸክም ሆኖ ከመታየት የገዛ ራሱን ጥቅም መጣልን ሲመርጥ፥ ያን ጊዜ የያዘው እርሱ ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው «ይበቃኛል» ሲል የሚናገረው ስለ ፍላጎቱ አይደለም፤ ስለ ክብሩ ነው። ስለዚህ «ይበቃዎታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ያ ሽማግሌ ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ሌላ መልስ የሌለው ጥያቄ ደግሞ በእውነት ጥያቄ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል። «የአንድን ትልቅ ሰው ቃል ትቶ ‘እርስዎ የሚሉት ሌላ፥ የሚፈልጉት ሌላ’ ማለት እርሳቸውን እንደ ሕፃን መቍጠር አይደለምን? የሽማግሌ ቃል መከበር አለበት።» ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በእርግጥም ሰውን ከገዛ ቃሉ በላይ አውቅልሃለሁ ማለት የብዙ ግፍ መጀመሪያ ሆኗል። ነገር ግን የልጂቱ ስሕተት ቃላቸውን በማክበሯ አይደለም፤ ጥያቄውን በዚያ ሰዓት፥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፥ ሕፃኑ እያጕረመረመ በማቅረቧ ነው። ሰውን ወይ ሌሎቹን እንዲያውክ ወይ ራሱን እንዲክድ በሚያስገድደው ስፍራ ላይ ያቆመ ሰው፥ በለሰለሰ ቃል ቢያደርገውም በድሎታል። ጽሑፉ እንደ ቤቱ ልማድ ሁልጊዜ በርቶ ቢኖር ኖሮ፥ «ይጥፋ» ብሎ የመለመኑ ነገር በሕፃኑ ላይ በወደቀ ነበር። ከሁለቱ አንዱ መጠየቅ የማይቀርለት ከሆነ፥ የሚጠይቀው ጥቂት የሚያጣው ይሁን እንጂ ሁሉን የሚያጣው አይሁን።

ሕፃኑስ ምን አጣ? የሥዕሉን አንድ ጥግ፥ ወይም ለጥቂት ጊዜ የጨዋታውን ቍጥር። ሽማግሌው ግን ንግግሩን በሙሉ አጡ። ብዙ ሰዎች እንደዚህ ያለውን ነገር ሲመዝኑ ራስ ይቈጥራሉ፤ «እኛ አራት ነን፥ እርሳቸው አንድ ናቸው» ይላሉ። ይህ ሚዛን ለገበያ እንጂ ለቤተ ሰብ አይሆንም። ራስ ከራስ ጋራ ሳይሆን ጕዳት ከጕዳት ጋራ መመዘን አለበት። እርግጥ ነው፥ የጽሑፉ መታየት ለሁሉም ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊደል ባየ ጊዜ ዐይኑን መመለስ የማይችል፥ ንባብ የሚያደክመው፥ ሥዕሉን ለማየት የሚቸገር ሰው አለ። እንደዚህ ያለ ሰው በቤቱ ቢኖር ነገሩ እንደገና መመዘን ይኖርበታል። በዚያ ቤት ግን አልነበረም።

የዚህን ነገር ታሪክ ወደ ኋላ ለተመለከተው ሰው፥ በዚያ ሳሎን የሆነው ነገር አስቀድሞ በአንድ ታላቅ አገር በሙሉ ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሲኒማ በተጀመረበት ዘመን ሥዕሉ ድምፅ አልነበረውም፤ የተዋናዮቹ ቃል በየመካከሉ በሰሌዳ ተጽፎ ይታይ ነበር። ስለዚህ በሲኒማ ቤት የሚሰማውና የማይሰማው ሰው ጐን ለጐን ተቀምጠው በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያነቡ ነበር። ከ1927 ወዲህ ድምፅ ያለው ሥዕል ሲስፋፋ ሰሌዳው ቀረ። ዓለም ሁሉ «ሲኒማ አፉን ፈታ» ብሎ ሲደሰት፥ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ግን ሲኒማ በዚያ ጊዜ ዲዳ ሆነ። ማንም ሊጐዳቸው አስቦ አላደረገውም፤ ይህም ነገሩን ይበልጥ እንዲታሰብበት ያደርገዋል። ኤመርሰን ሮሜሮ የሚባል፥ ራሱ የማይሰማና በድምፅ አልባው ዘመን ተዋናይ የነበረ ሰው፥ በ1947 ድምፅ ያላቸውን ፊልሞች እየቈረጠ በየመካከላቸው ጽሑፍ ያለበት ፊልም ይቀጥል ጀመር። ይህም ድካም ለብዙ ሰው የሚዳረስ አልነበረም። በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ለማይሰሙ ሰዎች ጽሑፍ ያላቸው ፊልሞች እንዲዘጋጁና በውሰት እንዲሰጡ ሕግ አወጣ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመጣ፥ በ1972 በቦስተን ከተማ ያለው ደብሊው ጂ ቢ ኤች የሚባል ጣቢያ የጁልያ ቻይልድን የወጥ ቤት ትምህርት ለሁሉ በሚታይ ጽሑፍ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ይኸው ጣቢያ የኤ ቢ ሲን የምሽት ዜና ጽሑፍ እየጨመረበት ማቅረብ ጀመረ፤ ነገር ግን ጽሑፉን ለማዘጋጀት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ዜናው የሚታየው ሌላው ሰው ካየው ከሰዓታት በኋላ፥ ሌሊት ነበር። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ የማይሰማው ሰው ዜናውን አልተከለከለም፥ ብቻ ሌላው ሰው ሰምቶ፥ ተነጋግሮበት፥ ወደ መኝታው ከሄደ በኋላ ይደርሰዋል። ዘግይቶ መድረስና ጨርሶ አለመድረስ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ጽሑፉ ለሁሉ ይታይ ወይስ ለሚፈልገው ብቻ?» የሚል ነበር። የጣቢያዎቹ ሹማምንት የሚሰማው ሕዝብ ጽሑፉን ይጠላዋል ብለው ስለ ፈሩ ጽሑፉ እንዲሰወር ተደረገ። በአሜሪካ አሠራር የቴሌቪዥኑ ሥዕል በ525 መስመሮች የሚሣል ነበር፤ ከእነዚህም ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ለዐይን አይታዩም። የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ1976 ከማይታዩት መስመሮች 21ኛውን ለዚህ ጽሑፍ ለየው። ፊደሎቹ በዚያ ስውር መስመር ላይ ተጭነው ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሥዕሉ ጋራ ይጓዛሉ፤ ፈቺ መሣሪያ ያለው ሰው ያያቸዋል፥ የሌለው ግን መኖራቸውንም አያውቅም። «የተዘጋ» መባሉ ስለዚህ ነው። በመጋቢት ወር 1980 ሥራው ሲጀመር ዲኮደር የተባለው ፈቺ ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውም 250 ዶላር ያህል ነበረ። እንግዲህ የማይሰማው ሰው ሌላው በነጻ የሚሰማውን ቃል ለማንበብ በቴሌቪዥኑ ዋጋ ላይ ሌላ ዋጋ ይጨምር ነበር።

በ1990 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠው። ከሐምሌ 1 ቀን 1993 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ፥ የስክሪኑ ስፋት 13 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ፈቺውን በውስጡ ይዞ እንዲሠራ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ የሚፈልገውም የማይፈልገውም ፈቺውን አብሮ ይገዛል። አንዳንዱ «ለማልጠቀምበት ነገር ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ያጕረመርም ይሆናል። ይህ ሰው በማይሄድበት መንገድ ላይ ስለ ተሠራው ድልድይም እንዲሁ ማጕረምረም ይኖርበታል። ኋላ እንደ ታየው ጽሑፉ ላልታሰቡት ሰዎች ሁሉ ጠቀመ፤ በጫጫታ ቤት የተቀመጠው፥ ሕፃን ያስተኛችው እናት፥ አዲስ ቋንቋ የሚማረው ስደተኛ ሁሉ ያነበዋል። ስደተኛው ኢትዮጵያዊም በጆሮው ያመለጠውን እንግሊዝኛ በዐይኑ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ይህን ጥቅም ለክርክር ማቅረብ አደጋ አለበት። «ለሌሎችም ይጠቅማልና ይደረግ» የሚል ሰው፥ ለሌሎች ባይጠቅም ኖሮ አይደረግም ማለቱ ነው። ዕዳው ግን ሌላ ማንም ባይጠቀምበት እንኳ ዕዳ ነበር።

ስለ አሠራሩም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በጎ ፈቃድ ሳያንሰው ባለማወቅ ይተወዋልና። በአሜሪካ ሪሞቶች ላይ ብዙ ጊዜ «ሲሲ» የሚል ቍልፍ አለ፤ ከሌለም በሜኑ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ነው። በቀድሞዎቹ ቴሌቪዥኖች «ሲሲ አንድ» የሚለውን መምረጥ ይገባል፤ «ቴክስት» የሚለውን የመረጠ ሰው የስክሪኑን እኩሌታ የሸፈነ ጥቍር ሣጥን መጥቶበት፥ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ዛሬ ደግሞ ሥዕሉ ከሪሲቨር ተነሥቶ ኤችዲኤምአይ በሚባለው ገመድ የሚመጣ ከሆነ፥ ያ ገመድ ስውሩን ጽሑፍ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ጽሑፉ መከፈት ያለበት በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በሪሲቨሩ ነው። ይህን ሳያውቅ የቴሌቪዥኑን ሜኑ ሲያገላብጥ አምሽቶ «እምቢ አለ» ብሎ የተወ ልጅ ብዙ ነው። መፈለግን ያህል የት መፈለግ እንዳለበት ማወቅም ከዕዳው ይቈጠራል።

በርቶም ቢሆን ነገሩ አይፈጸምም። በቀጥታ በሚተላለፍ ዝግጅት የተናጋሪውን ቃል የሚጽፈው በልዩ የጽሕፈት መኪና የሠለጠነ ፈጣን ጸሐፊ፥ ወይም ንግግር የሚለይ ኮምፒውተር ነው፤ በየትኛውም ቢሆን ጽሑፉ ከቃሉ ጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል። ስለዚህ የሚሰማው ሰው አስቀድሞ ይስቃል፥ የሚያነበው ኋላ ይስቃል። አስቀድሞ በተቀረጸ ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሙሉው ዐረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚታይ አንባቢው ቀልደኛው ሳይጨርስ ይስቃል፥ ሌላውም ዘወር ብሎ ያየዋል። ሳቅ በአንድ ሰዓት ካልሆነ ጣዕሙ ይቀንሳል። ጽሑፉም ንግግርን ብቻ አይጽፍም፤ በር ሲንኳኳ «በር ተንኳኳ»፥ ነጐድጓድ ሲሰማ «ከሩቅ ነጐድጓድ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላውን ቋንቋ ከሚተረጕመው ሰብታይትል የሚለየው በዚህ ነው። ሰብታይትል የሚጽፍ ሰው አንባቢው ይሰማል ብሎ ያስባል፤ ይህን የሚጽፈው ግን በማይሰማው ሰው ስፍራ ተቀምጦ «ዝምታው ምን ይዟል?» ብሎ ይጠይቃል።

አማርኛ በዚያ በ21ኛው መስመር ላይ ስፍራ አልነበረውም። በመስመሩ የሚላከው እያንዳንዱ ምልክት በሰባት ቢት የተቀመጠ ነውና ከ128 የሚበልጥ ልዩነት ሊሰጥ አይችልም፤ የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ነው። በዚያን ጊዜ «ፊደላችን አይገባበትም» የሚል ሰው ቢኖር እውነት ነበረው። ዛሬ ግን ይህ ምክንያት የለም። ፊደሉ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ዲጂታል ስርጭትም ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ሊልከው ስለሚችል የየትኛውም ሕዝብ ፊደል ያልፍበታል። እንግዲህ የአማርኛ ዝግጅት ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ከሌለው፥ የጐደለው ፊደል ሳይሆን ፈቃድና ደመወዝ ነው።

ወደ ሽማግሌው ቤት ሲመለሱ፥ ልጂቱ አባቷ ፊት ፊቷን እያዩ የሚስቁ መሆናቸውን አንድ ቀን አስተዋለች፤ ልቧም ነካት። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ብዙ ደግ ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ሁለተኛ ቴሌቪዥን ገዝታ በመኝታ ቤታቸው አኖረችላቸው፤ ጽሑፉንም ጐላ ባለ ፊደል አበራችላቸው። አባቷ ቍልፍ ፍለጋ እንዳይቸገሩ፥ ማንንም እንዳይለምኑ፥ መሣሪያው ዘወትር በዜናው ሰዓት በራሱ እንዲበራ በታይመር ይታዘዝ አለች። ይህ ያለ ጥርጥር መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው፥ አንድ ጊዜ ተደርጎ ለመሣሪያ የተሰጠ ደግነት ደግነት ሆኖ ይኖራልን የሚል ነው። ልጂቱ አንድ ቀን አሰበች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስብላት ታይመሩ ነው። እርሷ ብትረሳም፥ ብትቈጣም፥ ከከተማ ውጭ ብትሆንም መሣሪያው በሰዓቱ ይበራል። አንዳንዱ ሰው ይህን «ልብ የሌለበት» ብሎ ሊነቅፈው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ነቀፋ ትክክል አይመስልም። ውኃ ለሚቸገር መንገደኛ በየቀኑ በቅል ውኃ የሚያቀርብና ጕድጓድ ቈፍሮ የሄደ ሰው ሁለቱም ደጎች ናቸው፤ እንዲያውም ጕድጓዱ መንገደኛውን ከልመና ያድነዋል። ታይመሩም ሽማግሌውን ከይሉኝታ አዳናቸው። ሰው ለነገ ድካሙና ለነገ ርስቱ አስቀድሞ ዛሬ ራሱን ማሰሩ የብልህ ሥራ ነው። (ለእንቅልፍ የሚሆነው ታይመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሠላሳ ደቂቃ ይጥፋልኝ ብሎ ያዘዘ ሰው ሠላሳው ሲሞላ ተነሥቶ ሌላ ሠላሳ ይጨምራል፥ እንዲሁም እየጨመረ ሌሊቱን ያጋምሳል፤ መሣሪያው ትእዛዝ ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም።)

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሽማግሌው አሁን ቃሉን ሁሉ ያነባሉ፤ የሚያነቡት ግን ብቻቸውን ነው። ቀድሞ በሳሎን ሳሉ ሰው ነበራቸው፥ ቃል አልነበራቸውም፤ አሁን በመኝታ ቤት ቃል አላቸው፥ ሰው የላቸውም። ሳሎኑም ዐረፈ፤ ሕፃኑ ውጤቱን ያለ ከልካይ ያያል። እዚህ ላይ ለሽማግሌው የተሰጠው ቴሌቪዥን ስጦታ መሆኑ ይቀርና፥ ሌሎቹ ሰላማቸውን የገዙበት ዋጋ ይመስላል። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ያለው አዋጅ፥ የሰማው ሰው ያልሰማውን ለብቻው በጓዳ አስቀምጦ እንዲያስነብበው አላዘዘም። ሁለተኛ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በመጀመሪያው ላይ ጽሑፉን አብርቶ መተው በገንዘብ ምንም አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ጥቂት ትዕግሥት ነው፥ ትዕግሥት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥን ይልቅ ይወደዳል። ልጂቱ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ደስ ላሰኝ ብላ ነው፤ እናቶች ሁሉ በዚህ ፈተና ውስጥ ይወድቃሉ።

ታይመሩን የማዘጋጀቱ ሥራ ለሕፃኑ ተሰጠ፤ በእንደዚህ ያለ ነገር በየቤቱ የሚታዘዙት ልጆች ናቸውና። ሕፃኑ ሪሞቱን ይዞ «በስንት ሰዓት ይብራ?» ብሎ አያቱን ጠየቀ። ሽማግሌውም «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብለው መለሱ፤ ዜናው የሚጀምረው ጀምበር ወደ መጥለቂያዋ ስትጠጋ ነውና። ሕፃኑ እንደ ተነገረው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አድርጎ ጻፈና ሄደ። የኢትዮጵያ ሰው ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ይቈጥራል፤ ቴሌቪዥኑን የሠሩት ሰዎች ግን ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምረው ይቈጥራሉ። (በአገር ቤትም እንዲሁ ነው፤ የምሽቱን የሁለት ሰዓት ዜና ሊያይ የፈለገ ሰው ለመሣሪያው ሁለት ቢለው፥ ቤተ ሰቡን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳል።) ስለዚህ በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ ሄዶ፥ ሽማግሌውም በእግራቸው ሊንሸራሸሩ ወጥተው ሳሉ፥ ልክ በቀትር ከሠላሳ ደቂቃ መሣሪያው በባዶ ቤት በርቶ የሚናገረውን ሁሉ በጐላ ፊደል ለማንም ይጽፍ ጀመር።

ማታ ሽማግሌው በሰዓቱ ተቀምጠው ጠበቁ። የጠፋው ስክሪን ጥቍር እንደ ሆነ ቀረ። ጥቂት ቈይተው ተነሡና ወደ ሳሎን መጡ፤ መጠየቅ አልወደዱምና በበሩ አጠገብ ዝም ብለው ቆሙ። ሕፃኑ ከጨዋታው ላይ ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፥ አልበራም እንዴ?»

እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። ሕፃኑ ጨዋታውን ትቶ ተከትሏቸው ገባ፥ በአልጋውም ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሜኑውን ከፈተ። አሥራ ሁለት ተኩል የሚለውን አይቶ «ልክ ነው እኮ» አለ፤ ድምፁን አንሥቶ፥ አፉንም ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ ደገመው። ሽማግሌውም ነገሩ ገብቷቸው ሳቁና ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ።

«የኛ አሥራ ሁለት የናንተ ስድስት ነው።»

«ስድስት እንዴት አሥራ ሁለት ይሆናል?»

ይህ ጥያቄ ለአሮጌ መምህር በቀላሉ የሚተው አይደለም። ወረቀት አምጣ አሉት፤ ክብ ሣሉ፥ ፀሐይ የምትወጣበትን በአንድ ወገን፥ የምትጠልቅበትን በሌላው ወገን አደረጉ፤ ሕፃኑም እየቈጠረ፥ እየተሳሳተ፥ እንደገና እየቈጠረ ይከተላቸው ጀመር። ሰዓቱን ስድስት ተኩል አድርጎ ከጻፈው በኋላ እንኳ ሪሞቱን አላስቀመጠም፤ ሌሊቱ ደግሞ ከየት እንደሚቈጠር ጠየቀ። ቴሌቪዥኑ በመካከሉ በርቶ ነበር። ዜናው ይነገራል፥ ጽሑፉም ከሥሩ ይመጣል ይሄዳል፤ ያን ምሽት ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።